ቆዳ የተከለው ሐኪም፦ ዣክ ሉዊ ሬቨርዳን

በምናስተምርበት ክፍል ፊቱ ወይም እጁ ላይ ነጭ የወጣበት ልጅ ሊያጋጥመን ይችላል። ለምጽ ነው ይባልና ጓደኞቹ አብረውት መቀመጥ ይፈራሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ያ ስም ለሌላም በሽታ ስለሚውል ፍርሃቱ ይብሳል። ነገር ግን ይህ ነጭ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ስለጠፉ የመጣ ነው። እነዚያን ሴሎች ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ወስዶ መትከል የተቻለው ዛሬ ብዙ ሰው በማያስታውሰው በሬቨርዳን ሥራ ተጀምሮ ነው።

ሬቨርዳን በ1842 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በስዊስ አገር በጄኔቭ ተወለደ። ሕክምና የተማረው ፓሪስ ነው። በ1869 ገና የ27 ዓመት ወጣት ሳለ በኔኬር ሆስፒታል በፕሮፌሰር ጊዮን ሥር ይሠራ ነበር።

ያን ጊዜ ሰፊ ቁስል የሚድነው ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያለ ነበር። አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ታዲያ ሬቨርዳን አንድ ነገር ልብ አለ፦ አልፎ አልፎ በቀዩ ቁስል መሀል፣ ከዳሩ ጋር ሳትገናኝ፣ ትንሽ የቆዳ ደሴት ብቅ ትላለች፤ ከእሷም ዙሪያ አዲስ ቆዳ ይስፋፋል። ይህን ያየ ሐኪም መቼም ብዙ ነው፤ አይቶ ያልፈዋል እንጂ። እሱ ግን እንዲህ ያለችውን ደሴት ሰው በእጁ ቢያስቀምጣት ምን እንደምትሆን ሊሞክር ተነሣ። በኅዳር ወር አንድ ክንዱ የተገፈፈ በሽተኛ ነበረው። ከሰውየው ከሌላው ክንድ በስለት ጫፍ ሁለት ኢምንት ቁራጭ የላይኛ ቆዳ አንሥቶ ቁስሉ ላይ አኖረና በፕላስተር አሰረው። ቁራጮቹ ያዙ፤ ሰፉም። ታኅሣሥ 8 ቀን 1869 ነገሩን ለፓሪስ የቀዶ ጥገና ማኅበር ሲያቀርብ እምብዛም አልተደነቀለትም። በዓመቱ ግን የለንደን ሐኪሞች ያንኑ መሥራት ጀመሩ።

ወደ ጄኔቭ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም እንቅርታቸው በኦፕራሲዮን ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ከወራት በኋላ ፊታቸው እንደሚያብጥና አእምሯቸው እንደሚደነዝዝ በ1882 አስታወቀ፤ በ1883 ከዘመዱ ከኦጉስት ጋር ሆኖ በጽሑፍ አወጣው። በዚያው ዓመት የበርኑ ኮኸር ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። በ1909 በእንቅርት እጢ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኮኸር ነው። ሬቨርዳን በመጨረሻ ዕድሜው ቢራቢሮ ሲያጠና ኖረ፤ በስሙ የሚጠራ ሰማያዊ ቢራቢሮም አለ። በ1929 አረፈ።

የእሱ ኢምንት ቁራጭ ግን አልቀረችም። በ1972 በአሜሪካ ኦሬንትራይክና ባልደረባው ጤነኛ የቆዳ ነጥቦችን ለምጽ ላይ ተከሉ፤ ከየነጥቡ ቀለሙ ዙሪያውን ተስፋፋ። በ1992 ደግሞ በፈረንሳይ ጎትየና ባልደረባው ቁራጩን ራሱን ትተው ሴሎቹን ለይተው መትከል ጀመሩ። ዛሬ ከጭን ወይም ከዳሌ ስስ ቆዳ ይላጥና በኤንዛይም ሴሎቹ ይለያያሉ። ከዚያ ነጩ ቦታ ላዩ ተፍቆ ሴሎቹ ይፈስሱበትና ይታሸጋል። ከአንድ ትንሽ ቁራጭ እስከ አሥር እጥፍ የሚሆን ቦታ ይሸፈናል። ነጩ ገና እየሰፋ ሳለ ቢሠራ ግን ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ባለበት መርጋቱን ያያሉ። ቀለሙም ወዲያው አይመለስም፤ ከዳርና ከመሀል እየተገናኘ ወራት ይወስዳል።