ሸሪፍ ሑሴን፦ በደብዳቤ የተገባ ቃልና ያስከተለው መዘዝ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በትምህርት ቤት የተማርነውን ብናስታውስ ታሪኩ በ1914 ሳራዬቮ ላይ በተተኮሰ ጥይት ይጀምርና በ1918 በተኩስ አቁም ስምምነት ያበቃል። ለሙስሊሙ ዓለም ግን ጦርነቱ በዚያ ዓመት አላበቃም። ፍልስጤም፣ ሶሪያ፣ ሊባኖስ፣ ኢራቅ እየተባለ በየዜናው የምንሰማው መከራ አንደኛው ሥሩ እዚያው ጦርነት ውስጥ ይገኛል። ይህን ሥር ለማየት የአንድ ሰው ሕይወት መከተል ይረዳናል። እኚህ ሰው የመካው አሚር ሸሪፍ ሑሴን ኢብን ዐሊ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸሪፍ ሑሴን በ1850ዎቹ መጀመሪያ በኢስታንቡል ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ከሐሰን (ረ.ዐ) ይመዘዛል። ቤተሰባቸው መካን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስተዳድሩ ከኖሩት ሸሪፎች ወገን ነው። በ1893 ሱልጣን ዐብዱል ሐሚድ ዳግማዊ ወደ ኢስታንቡል አስጠሯቸው። በክብር ቢያዙም ነገሩ ከግዞት የሚለይ አልነበረም። እዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1908 መጨረሻ የመካ አሚር ሆነው ተሾሙ።

ይሁንና በዚያው ዓመት ወጣት ቱርኮች የሚባሉት መኮንኖችና ፖለቲከኞች በኢስታንቡል ኃይል አግኝተው ነበር። የእነርሱ ፍላጎት አገሩን ሁሉ ከማዕከል መግዛት ነው። ከደማስቆ የተነሣው የሒጃዝ የባቡር ሐዲድም በ1908 መዲና ደረሰ። ለሐጅ ተጓዡ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ለአሚሩ ግን ሐዲዱ ወደ መካ ከቀጠለ ወታደርና ሹም እንደልቡ ይመጣል ማለት ነው። ግመል አከራይተው ለሚኖሩት የበረሃ ጎሳዎችም እንጀራ መዝጋት ነው። የሸሪፉና የኢስታንቡል ቅራኔ የተጀመረው እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ነው። ልጃቸው ዐብዱላህ በ1914 መጀመሪያ ካይሮ ላይ ከእንግሊዙ ሹም ከኪችነር ጋር የተገናኘውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

በ1914 መገባደጃ የዑስማንያ መንግሥት ከጀርመን ጎን ተሰልፎ ጦርነቱ ውስጥ ገባ፤ በኖቬምበርም ጂሃድ ታወጀ። እንግሊዝ በሕንድ፣ በግብጽና በሱዳን፣ ፈረንሳይ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ ብዙ ሚሊዮን ሙስሊሞችን ይገዙ ነበርና አዋጁ አስጨነቃቸው። ይህ ሥጋት ወደ አገራችንም ዘልቆ ነበር። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች በልጅ ኢያሱ ላይ የተነሡት ከቱርኮች ጋር ተቀራርበዋል ብለው ነው። አዋጁ ከመካ ቢደገም ኖሮ ክብደቱ እጥፍ ይሆን ነበር። ሸሪፍ ሑሴን ግን ዛሬ ነገ እያሉ ሳይደግሙት ቀሩ። የሒጃዝ ሕዝብ እህል በቀይ ባሕር በኩል የሚገባ ነበር፤ ባሕሩ ደግሞ በእንግሊዝ የጦር መርከቦች እጅ ነው። ከእንግሊዝ ጋር መጣላት ሕዝባቸውን ማስራብ እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

ከጁላይ 1915 እስከ ማርች 1916 በግብጽ ከነበረው የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ከማክማሆን ጋር ዐሥር ደብዳቤዎች ተጻጻፉ። ሸሪፉ የጠየቁት የዐረቢያን ልሳነ ምድር፣ ሶሪያንና ኢራቅን የሚያጠቃልል ነፃ የዐረብ መንግሥት ነው። ማክማሆን በኦክቶበር 24 ቀን 1915 በጻፈው መልስ ጥያቄውን የተቀበለ መስሎ ከደማስቆ፣ ከሖምስ፣ ከሐማና ከሐለብ በስተ ምዕራብ ያሉትን ወረዳዎች አስቀረ። ፈረንሳይ ጥቅም አለኝ የምትልባቸውንም ቦታዎች ሳይለይ አለፋቸው። የፍልስጤም ስም በደብዳቤው ውስጥ አልተነሣም። ሸሪፉ በባሕሩ ጠረፍ ጉዳይ አልተስማሙም፤ ነገር ግን ክርክሩ ከድል በኋላ እንዲታይ አሳደሩት። ዋናው ስሕተታቸው ይህ ነበር። ከኃያል ጋር የሚደረግ ውል ዛሬ ካልጠራ ነገ የሚተረጎመው በኃያሉ ፈቃድ ነውና።

በሌላ በኩል የዑስማንያው ጀማል ፓሻ በሜይ 1916 በቤይሩትና በደማስቆ ታዋቂ ዐረቦችን በአደባባይ ሰቀለ። ይህም ቁጣውን አባባሰው። በዚያው ወር ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይክስ-ፒኮ በተባለው ምስጢራዊ ውል እነዚያኑ አገሮች ለራሳቸው ተከፋፈሉ። ሸሪፍ ሑሴን ይህን ሳያውቁ በጁን 1916 በኢስታንቡል ላይ ተነሡ።

የእንግሊዝ ወርቅ፣ ጠመንጃና መኮንኖች መጡ። በተከበረችው በመካ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ተኮሰ። በሕንድ ያሉ ብዙ ሙስሊሞች ድርጊቱን አወገዙ። መዲናን ይጠብቅ የነበረው ፈኽሪ ፓሻ መንግሥቱ ከተሸነፈ በኋላ እንኳ እስከ ጃንዋሪ 1919 እጁን አልሰጠም። በዚህ መካከል አብዛኛው የመዲና ነዋሪ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ የቀረውም ተራበ። የዚህ ሁሉ ዋጋ ከፋዮች ሙስሊሞች አልነበሩምን?

ምስጢሩ የወጣው በኖቬምበር 1917 ነው። እንግሊዝ በባልፉር መግለጫ በፍልስጤም ለአይሁዶች ብሔራዊ መኖሪያ እንዲመሠረት ድጋፏን ሰጠች። በዚያው ወር ቦልሼቪኮች በሩስያ ሥልጣን ሲይዙ የሳይክስ-ፒኮን ውል ከመዝገብ አውጥተው አተሙት። ሸሪፉ ማብራሪያ ሲጠይቁ ለስላሳ የማረጋገጫ ቃል ተላከላቸውና አመኑ። በኦክቶበር 1918 ልጃቸው ፈይሰል ደማስቆ ገባ። ነገር ግን በኤፕሪል 1920 የሳን ሬሞ ጉባኤ ሶሪያንና ሊባኖስን ለፈረንሳይ፣ ፍልስጤምንና ኢራቅን ለእንግሊዝ አደለ። በጁላይ የፈረንሳይ ጦር በመይሰሉን የፈይሰልን ደጋፊዎች ደምስሶ ከደማስቆ አባረረው። ለነፃነት የተነሣው ሕዝብ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

የሸሪፉን ሕይወት ከብዙ የዘመኑ መሪዎች የሚለየው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እንግሊዝ በ1921 ኮሎኔል ላውሬንስን ወደ ጅዳ ልካ ውል እንዲፈርሙ ለመነቻቸው። ቢፈርሙ ገንዘብም ዙፋንም ይጠበቅላቸዋል። ነገር ግን መፈረም የሶሪያንና የፍልስጤምን ክፍፍል መቀበል ነውና እምቢ አሉ። ልጆቻቸው ፈይሰል በኢራቅ፣ ዐብዱላህ በዮርዳኖስ ማዶ በእንግሊዝ ጥላ ሥር ሲሾሙ አባትየው ብቻቸውን ቀሩ፤ ድጎማውም ቆሟል። በማርች 1924 ቱርክ ኺላፋን ስትሽር ራሳቸውን ኸሊፋ ብለው አወጁ፤ አብዛኛው ሙስሊም ግን አልተቀበላቸውም። በዚያው ዓመት የነጅዱ ገዥ የዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሱዑድ ጦር ጧኢፍን ያዘ። ሸሪፉ በኦክቶበር ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐሊ ለቀው ወጡ። በ1925 እንግሊዞች ወደ ቆጵሮስ አጋዟቸው። ታመው ወደ ዐማን ከተመለሱ በኋላ በጁን 1931 አረፉ።

ውድ አንባብያን፣ ሸሪፍ ሑሴንን ኺላፋን የከዳ ሰው አድርገው የሚያዩ አሉ። የተታለሉ የዋህ ናቸው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ፍርድ ግማሽ ነው። ቅራኔያቸው እውነተኛ ነበር፤ የወጣት ቱርኮች ግፍም አልተፈጠረባቸውም። ዳሩ ግን በወንድማማቾች መካከል የተነሣውን ጠብ ሦስተኛ ወገን ገብቶ ሲፈርድ ርስቱን ራሱ እንደሚወስድ የተረዱት ዘግይተው ነው። ሲረዱት ግን ስሕተታቸውን በፊርማቸው አላጸኑም፤ ዋጋውንም በዙፋናቸው ከፈሉ።

የተቀበሩት በቁድስ፣ በአል-አቅሷ ቅጥር ጥግ ነው። ስሟ በደብዳቤው ውስጥ ሳይጠራ የቀረችው ምድር ማረፊያቸው ሆነች። የእኛ ትውልድም በየአገሩ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ የውጭ እጅ ለመጨበጥ ከመቸኮሉ በፊት የእኚህን ሰው ሕይወት ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ይገባዋል። አላህ ማስተዋሉን ይስጠን።