ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓመተ ምሕረት በሸዋ፥ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው በሞቱ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ምኒልክን ማርከው ወሰዷቸው፤ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና በአባታቸው ዙፋን ተቀመጡ። በ1882 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር በዐድዋ ድል ስላደረጉ ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ።

የጉራጌም አገር በእርሳቸው ዘመን ከመንግሥታቸው ጋራ ተጨመረ። አይመለል በሰላም ገባ፤ ሌላው ግን የገባው ብዙ ጊዜ ተዋግቶ፥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የጉራጌ ሰዎች ሥራ ለመፈለግ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመሩ። መንገዱም የእግር መንገድ ስለ ነበረ ስንቃቸውን ተሸክመው ብዙ ቀን ይጓዙ ነበር።

አፄ ምኒልክ የእጅ ጥበብን እጅግ ይወዱ ነበር። ከውጭ አገር አዲስ መሣሪያ በመጣላቸው ጊዜ አይተው ብቻ አይተዉትም፤ አሠራሩን ይጠይቁ፥ ውስጡንም ይመረምሩ ነበር። በዘመናቸው ስልክና የባቡር ሐዲድ ወደ አገራችን ገቡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ግን ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ሰርኪስ የተባለ አርመናዊም በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መደልደያ አመጣ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ጠራው።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በአገሩ የተሠራች አውቶሞቢል ይዞ መጣ። የመኪናዪቱ ስም ሲድሌይ ይባል ነበር። ቤንትሊና ባልንጀራው ከጅቡቲ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ለመኪና የተሠራ መንገድ አላገኙም። ስለዚህ በበረሃው አሸዋ፥ በተራራው ድንጋይና በወንዙ መሻገሪያ ብዙ ተቸገሩ። በመጨረሻ ግን አዲስ አበባ ደረሱ። በኢትዮጵያ ምድር ከዚያ በፊት አውቶሞቢል አልታየም ነበር።

በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ 63 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ጤናቸውም መታወክ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ሽምግልናና ሕመም አዲስ ነገር ከማወቅ አላገዳቸውም። በመኪናዪቱ ተቀምጠው ሄዱ፤ እጅግም ደስ አላቸው። ጥቂት ቈይቶም አንድ የጀርመን ሰው ሌላ መኪና አመጣላቸው።

አፄ ምኒልክ ግን መኪና ማግኘት ብቻ አገርን እንደማይጠቅም ያውቁ ነበር። መኪና ያለ መንገድ ቆሞ ይቀራል፤ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ከሌለም የተሰበረው አይጠገንም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስድ መንገድ አስቀድመው አሠርተው ነበር። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከዚህ በኋላ ሕመማቸው ጸና፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

የጉራጌ ሕዝብም ይህን ነገር በሥራ አሳየ። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚሠሩ የጉራጌ ልጆች ከድካማቸው ዋጋ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚያልፈው መንገድ እንዲህ ባለ የሕዝብ ኅብረት የተጀመረ ነው። አባቶች ብዙ ቀን በእግራቸው የተጓዙበትን አገር ዛሬ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የሚነሣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል።

ልጆች ሆይ፥ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተሠሩ መኪናዎች ዛሬ ብርቅ ሆነዋል፤ ለሽያጭ በቀረቡ ጊዜ ባለጠጎች እየተሻሙ በብዙ ገንዘብ ይገዟቸዋል። የገዛ ሰው መኪናዪቱን ያገኛል፤ ጥበቡን ግን ከእርስዋ ጋራ አያገኝም። ጥበብ በመጠየቅና በመማር ይገኛል፤ መንገድም በኅብረት ይሠራል። የሚያምር መኪና በመንገድ ስታልፍ ባያችሁ ጊዜ ባለቤቷን ብቻ አታድንቁ፤ የሠራትን እጅና መንገዱን የጠረገውን ሰው ደግሞ አስቡ። ንጉሥ በሽምግልናው ለመማር ካላፈረ፥ ልጅ ያላወቀውን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም።