ክርስቲያን ሃይገንስ እና ያፈረበት ፋኖስ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ አንድ ገመድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ገና ሲቃረብ አባቴ ከሚያውቀው ሰው ፕሮጀክተር ተውሶ መጣ። የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ ሳሎናችን ውስጥ በትልቁ ለዘመድና ለጎረቤት ሊያሳይ አስቧል። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ በቤቱ ውስጥ ፊዚክስ የሚማረው እኔ ነኛ።

እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። ሦስተኛ ዓመት ደርሼ፣ ስንት ነገር አጥንቼ፣ ጎረቤት ፊት አንሶላ ሰቃይ ልሁን? ስለዚህ ፕሮጀክተሩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ገመዱ የለም አልኩ። አባቴ ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ፈለገ። ከዚያ ዝም አለ። እንግዶቹም ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለኦፕቲክስ ኮርስ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ስለ ሃይገንስ ሳነብ ክው አልኩ። ሃይገንስን ሁላችንም የምናውቀው በሞገድ ግንባር መርሁ ነው። እያንዳንዱ የሞገድ ግንባር ነጥብ የአዲስ ሞገድ ምንጭ ነው፣ ምናምን። ለካ ይሄ ሰው የፕሮጀክተር አባት ሊባል የሚችል ነው፤ ለካ በራሱ ፕሮጀክተር እንደኔው አፍሮበታል!

ክርስቲያን ሃይገንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1629 ሆላንድ ውስጥ፣ ሄግ ከተማ ነው። አባቱ ኮንስታንታይን ቀላል ሰው አልነበረም። ገጣሚ፣ ሙዚቀኛ፣ የኦራንጅ መሳፍንት ጸሐፊ ነበር፤ ዴካርት ሳይቀር ወዳጁ ነው። ልጆቹን ለዲፕሎማትነት ነበር የሚያዘጋጃቸው። ክርስቲያንንም ላይደን ልኮ ሕግ እንዲያጠና አደረገው። ልጁ ግን ልቡ ሒሳብ ላይ ነበር። አባትየው ይህን ሲያይ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ልጁን ከአርኪሜዴስ ጋር እያመሳሰለ ለወዳጆቹ ይኩራራበት ጀመር። እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ኩራቱ ደስ ይላል፣ ያሳቅቃልም።

ክርስቲያን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ ሌንስ በእጁ ይሞርድ ነበር። መስታወት በአሸዋ መፈግፈግ፣ ማለስለስ፣ ሲበላሽ እንደገና መጀመር ነው ሥራው። እ.ኤ.አ. በ1655 በዚያው በራሳቸው ቴሌስኮፕ የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ አገኘ፤ ዛሬ ታይታን የምንላትን። ጋሊሊዮ በ1610 ሳተርን ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው መስሎት ግራ የተጋባበትንም ነገር ሃይገንስ ፈታው። ፕላኔቷን ሳይነካ የሚከባት ስስ ቀለበት ነው አለ። በ1656 ደግሞ የፔንዱለም ሰዓት ሠራ። ቀድሞ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይዛነፍ የነበረው ሰዓት ስህተቱ ወደ 15 ሴኮንድ ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነው መባል ይቻላል።

አሁን ወደ ፋኖሱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1659 ሃይገንስ ወረቀት ላይ አሥር ትንንሽ ሥዕሎች ሣለ። አንድ አፅም ነው፤ እጁን ያነሳል፣ ይወዛወዛል፣ የራስ ቅሉን ከአንገቱ አውልቆ ይይዛል። መስታወት ላይ ተሥለው በፋኖስ ግድግዳ ላይ እንዲታዩ የታሰቡ ነበሩ። ምትሃታዊ ፋኖስ የሚባለው መሣሪያ ይኸው ነው።

አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሳጥን ውስጥ መብራት አለ። ከመብራቱ ፊት አንዱ ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ በተሣለው መስታወት ላይ ያሳርፈዋል። ሌላው ሌንስ ምስሉን አሳድጎ ግድግዳ ላይ ይጥለዋል። ሥዕሉ ከሌንሱ የሚርቀው ከአንድ ፎካል ርቀት በላይ፣ ከሁለት ፎካል ርቀት በታች መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አድጎ ግድግዳ ላይ አይወርድም። ምስሉ ስለሚገለበጥ ሥዕሉን ቁልቁል ዘቅዝቆ ማስገባት የግድ ነው። የእኛ ፕሮጀክተር አምፖሉን፣ ሥዕሉን የሚሠራበትን ነገር ለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

እንግዲህ በ1662 አባትየው ፓሪስ ነበር። የኦራንጅን መስፍን ጉዳይ ይዞ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ደጅ ይጠናል። ወደ ልጁ መልእክት ላከ፤ ያንን ፋኖስህን ላክልኝ፣ ሉቭር ቤተ መንግሥት አሳይበታለሁ ዓይነት። ክርስቲያን ጨነቀው። በዚያን ጊዜ በመላው አውሮፓ ስሙ የተጠራ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነው። ከእሱ እጅ የወጣ የአፅም ጭፈራ ሉቭር ውስጥ ሲያስቅ ሊታይ ነው! ለአባቱ ደግሞ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ቃል ገብቷል።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፓሪስ አባቱ ዘንድ ለነበረው ለወንድሙ ለሎደዋይክ በምስጢር ጻፈለት። ፋኖሱ ሲደርስ ከሌንሶቹ አንዱን አውጣና አይሠራም እንዲባል አድርግ አለው። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ከእሱ መምጣቱ እንዲታወቅ እንደማይፈልግም ነገረው።

ይህን ሳነብ የጃኬቴ ኪስ ትዝ አለኝ። እሱ ሌንስ፣ እኔ ገመድ።

የማፈሩ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ፋኖሱን በስሙ ስላላሳተመው ሌሎች ይዘውት ዞሩ። ቶማስ ዋልገንስተን የሚባል ዴንማርካዊ በየከተማው እያሳየ ታወቀበት። አታናሲየስ ኪርሸር የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስም በ1671 በታተመ መጽሐፉ የፋኖሱን ሥዕል አወጣ፤ ለረጅም ዘመን ፈጣሪው እሱ ነው ሲባል ኖረ። በነገራችን ላይ ያንን ሥዕል ብታዩት ትስቃላችሁ። የተሣለው መስታወት ከሌንሱ በስተውጭ ነው የተቀመጠው፤ አልተገለበጠምም። እኛ ፈተና ላይ እንዲህ ብንሥል ዜሮ ነው።

የቀረውን ሕይወቱን ባጭሩ ልጨርስ። በ1666 ፓሪስ ውስጥ አዲስ የተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ መሪ አባል ሆኖ ሄደ። በ1673 ስለ ፔንዱለም የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጤናው ግን ደጋግሞ እያወከው በ1681 ወደ ሄግ ተመለሰ። ስለ ብርሃን የጻፈው፣ እኛም መርሁን የምንማርበት መጽሐፍ በ1690 ታተመ። ሚስት አላገባም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1695 በተወለደባት ከተማ አረፈ። ወደ መጨረሻው አካባቢም ሌንስ መሞረዱን አልተወም፤ ስለ ሌሎች ዓለማት ነዋሪዎች የሚያትት መጽሐፍ ትቶ ነው የሞተው።

ከ310 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2005፣ በእሱ ስም የተሰየመች መንኮራኩር እሱ ባገኛት በታይታን ላይ አረፈች። ምስል እያነሳች በካሲኒ በኩል ወደ መሬት ትልክ ነበር። ወደ መሬቱ ስትቃረብ ደግሞ የታይታንን ገጽ ለመለካት የያዘችውን ትንሽ መብራት አበራች። ሃይገንስ የሚባል ነገር እንደገና ጨለማ ውስጥ ፋኖስ ለኮሰ ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ እንደተጋነንኩ አውቃለሁ፣ ግን ልተወው አልቻልኩም።

ፋሲካ ሲደርስ አባቴን ፕሮጀክተሩ እንደገና ይገኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ተገኘ። በዚህ ጊዜ ቀልዴን ትቼ ሠራሁት። ቡፌው ቦታ ስለያዘ ከግድግዳው 3.60 ሜትር ብቻ ነው መራቅ የምችለው፤ የፕሮጀክተሩ የርቀትና የስፋት ምጣኔ 1.5 ነው። ስለዚህ ስፋቱ 2.40፣ ቁመቱ 1.35 ሜትር ይወጣል። እናቴ ነጭ አቡጀዲ ገዝታ በዚያ ልክ ሰፋችው፤ ከታች የእንጨት ዘንግ አስገባንበት፣ እንዳይኮማተር። መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን ከታች አንጋጥጬ ሳበራው ምስሉ ትራፒዝየም ሆነ። ወንበር ላይ ሁለት ሣጥን ደርቤ ከስክሪኑ ጋር ቀጥ ሳደርገው ተስተካከለ። ቀን ላይ ገርጥቶ ነበር። ርቀቱን በግማሽ ብቀንሰው ብርሃኑ አራት እጥፍ ይደምቃል፣ ምስሉ ግን 1.20 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ መጋረጃ ዘግተን መሸትሸት እስኪል ጠበቅን።

ሌንሱን ሳዞር እህቴ ከጭጋግ ውስጥ ጥርት ብላ ወጣች። ሳሎኑ በእልልታ ተናጋ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ተነስተው አቡጀዲውን ከኋላ አዩት።

አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ገመዱ የት ተገኘ ብሎ አልጠየቀኝም።