የሩቅ ዘመዶችን ያጋባው አትክልተኛ ኢቫን ሚቹሪን

የተሻሻለ ዘር ሲባል ከምርምር ጣቢያ ብቻ የሚወጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ በእፅዋት ማዳቀል ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች አንዱ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊና ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ይህ ሰው ሩሲያዊው ኢቫን ቭላዲሚሮቪች ሚቹሪን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚቹሪን በ1855 በሪያዛን ክፍለ ሀገር ከደኸየ አነስተኛ ባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1872 በኮዝሎቭ ከተማ ባቡር ጣቢያ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረ። በ1875 አንድ ባዶ ቦታ ተከራይቶ የፍራፍሬ ችግኝ መትከል ጀመረ። ደመወዙ ስለማይበቃው ማታ ማታ ሰዓት እየጠገነ ያገኘውን ገንዘብ ለዘርና ለችግኝ ያውለው ነበር።

የኮዝሎቭ የብርድ ወራት ከባድ ነው። ከሞቃቱ ደቡብ የሚመጣው ጣፋጭ ፍሬ በውርጭ ይመታል፤ ብርዱን የሚችለው የዱር ዛፍ ደግሞ ፍሬው ትንሽና ጎምዛዛ ነው። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ምክር የደቡቡን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ብርድ በሚችል ግንድ ላይ ቢያጣብቁት ቀስ በቀስ ብርዱን ይለምዳል የሚል ነበር። ሚቹሪንም ይህን አምኖ ብዙ ዓመት ደከመ። ውርጩ ሲበረታ ዛፎቹ አለቁ። ማጣበቅ ጥሩ ዛፍን ለማባዛት እጅግ እንደሚጠቅም በአቮካዶና በማንጎ የምናየው ነው፤ የቅርንጫፉን ጠባይ ግን አይለውጥም።

ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ማዳቀል መለሰ። በ1888 ከከተማ ውጭ መሬት ሲገዛ ለጋሪ የሚከፍለው ስላልነበረው ችግኞቹን ከቤተሰቡ ጋር በትከሻው ተሸክሞ አጓጓዘ። የሚያስገርመው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንን ለም መሬት ትቶ አሸዋማና ደካማ ወደ ሆነ ቦታ መዛወሩ ነው። ለም አፈር ችግኙን ያቀማጥለዋል ብሎ ስላመነ ነበር። ደፋር ውሳኔ ነው፤ ስንቶቻችን እናደርገው ነበር?

ከሥራዎቹ በሰፊው የሚታወቀው የፒር ዛፍ ነው። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የሚበቅለው የኡሱሪ የዱር ፒር ውርጭ አይበግረውም። ሚቹሪን ከዚህ ዘር ያበቀለው ወጣት ዛፍ በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያብብ፣ ቤሬ ሮያል ከሚባለው የደቡብ ፒር የወንዴ አበባ ዱቄት ወስዶ አዳቀለው። ከተገኙት ችግኞች መካከል ብርድ የሚችልና ፍሬው በብርዱ ወራት ሳይበላሽ የሚቆይ ዝርያ ወጣ።

ዝምድናቸው እጅግ የራቀ ተክሎች ግን አይዋለዱም። ለዚህ ያገኘው ዘዴ በእኛ አገር ወግ አማላጅ እንደ መላክ ነው። ኮክን ከሩቅ የዱር ዘመዱ ጋር ለማዳቀል ሲያቅተው፣ መጀመሪያ የዱሩን ቁጥቋጦ ከሌላ የዱር ኮክ ጋር አዳቀለ፤ የተገኘውን ዲቃላ ደግሞ ከለማው ኮክ ጋር ለማጋባት ተጠቀመበት።

የዛሩ መንግሥት የረባ እርዳታ አልሰጠውም። በ1920 ዕውቁ የእፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ጎበኘው፤ በ1922 የሌኒን መንግሥት ስለ ሥራው ዘገባ ጠየቀ። በ1932 ኮዝሎቭ በስሙ ሚቹሪንስክ ተባለች። እሱም በ1935 በዚያው አረፈ።

ከሞተ በኋላ ስሙ ለክፉ ዋለ። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው የሚቹሪን ተከታይ ነኝ እያለ የዘር ውርስ ሳይንስን አወገዘ፤ በ1948ም በሶቪየት ኅብረት አሳገደው። በ1927 በኢትዮጵያ በበቅሎ ተጉዞ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው ቫቪሎቭ ደግሞ ቀደም ሲል በ1940 ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞቶ ነበር።

ሚቹሪን ከጻፋቸው አንዳንዶቹ፣ በተለይ የተጣበቀ ቅርንጫፍ የዲቃላውን ጠባይ ይለውጣል የሚለው፣ በኋላ ዘመን ጥናት አልጸኑም። ዘመዳሞችን ማዳቀሉ ግን ይሠራበታል። በኮሎምቢያ የፓልም ዘይት የሚሰጠው የአፍሪካ ዘንባባ ልቡን በሚያበሰብስ በሽታ በ2000ዎቹ ክፉኛ ሲጠቃ፣ ብዙ አምራቾች ከአሜሪካው ዘመዱ ጋር የተዳቀለውን ተከሉ። የአሜሪካው ዘንባባ ዘይቱ ትንሽ ቢሆንም በሽታውን ይቋቋማል፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ለመልቀም ይመቻል። ዲቃላው የራሱ የወንዴ አበባ ዱቄት ደካማ በመሆኑ ሠራተኞች ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ በሴቴ አበባዎቹ ላይ ዱቄቱን በእጅ ይነፉለታል።