በቃኝ ማለትን ያስተማረ ጳጳስ፤ የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ሕይወት

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚቀደሱት 14 ቅዳሴያት አንዱ በቅዱስ ባስልዮስ ስም ይጠራል። ብዙው ምእመን ይህን አባት የሚያውቀው በዚሁ ቅዳሴውና ስለ ቀናች ሃይማኖት ከአርዮሳውያን ጋር ባደረገው ተጋድሎ ነው። ነገር ግን ስለ ገንዘብ አያያዝ፥ ስለ ንግድ፥ ስለ ብድርና ስለ ምጽዋት ያስተማረው ትምህርት ከሃይማኖቱ ትምህርት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ለሰው ምን ያህል ይበቃዋል? ከሚበቃው በላይ የሆነውስ የማን ነው? የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ቅዱስ ባስልዮስ በስብከቱ ብቻ ሳይሆን በኑሮው ጭምር መልሷቸዋል።

ቅዱስ ባስልዮስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አገሩ ቀጰዶቅያ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ያለች ደጋ ስትሆን፥ ዋና ከተማዋ ቂሳርያ አሁን ካይሰሪ ትባላለች። ወላጆቹ ሰፊ ርስት ያላቸው ባለጸጎች ነበሩ፤ አባቱ የንግግር ጥበብ መምህር፥ እናቱ ኤሚልያ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። አያቱ ማክሪናም በስደት ዘመን ከባሏ ጋር በጶንጦስ ደን ውስጥ ዓመታት ተሰድዳ የኖረች ናት። ከዚህ ቤት እርሱ ብቻ ሳይሆን ወንድሞቹ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ጴጥሮስ ዘሰብስጥያ፥ እኅቱም ቅድስት ማክሪና ተገኝተዋል።

በቂሳርያ፥ በቍስጥንጥንያና በአቴና ተማረ። በአቴና ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር እስከ ዕድሜ ልካቸው የዘለቀ ወዳጅነት መሠረተ። በ356 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስ የተማረው ጥበብ ልቡን አስታብዮት ነበርና፥ እኅቱ ማክሪና ገሠጸችው። እርስዋ እናቷን አሳምና የቤቱን አገልጋዮች በማዕድና በመኝታ ከእመቤቶቻቸው ጋር አስተካክላ በአንድነት ታኖር ነበር። ባስልዮስም ከዚህ በኋላ ተጠመቀ፤ ወደ ግብፅ፥ ወደ ፍልስጥኤም፥ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄዶ የመነኮሳትን ኑሮ ተመለከተ፤ ተመልሶም ከሀብቱ ለድኾች አካፍሎ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በምናኔ ተቀመጠ።

ለመነኮሳት የሠራው ሥርዓት ጸሎትን ከሥራ ጋር ያጣመረ ነው። ጸሎት ለስንፍና ምክንያት እንዳይሆን አጥብቆ አስጠነቀቀ። ሸክላም ሆነ ልብስ ወይም ሌላ የእጅ ሥራ የሠሩ መነኮሳት ምርታቸውን መሸጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ትርፍ ለማግኘት ሩቅ አገር ከሚዞሩ ይልቅ በአቅራቢያቸው በዝቅተኛ ዋጋ ቢሸጡ እንደሚሻል ደነገገ። በሰማዕታት መታሰቢያ በዓል ቀን በቤተ መቅደስ አጠገብ ገበያ መቆሙንም ነቀፈ። ስለዚህ ቅዱስ ባስልዮስ ንግድን ፈጽሞ የጠላ ሰው አልነበረም፤ ንግድ ልኩን ሳያልፍ የነፍስ አገልጋይ ሆኖ እንዲኖር የፈለገ አባት ነበረ።

ትምህርቱ በእሳት የተፈተነው ቅስና ከተቀበለ በኋላ፥ በ368ና በ369 ዓ.ም. ቀጰዶቅያን ብርቱ ረኃብ በመታት ጊዜ ነው። ዝናም ቀረ፥ ወንዞች ጐደሉ፥ የተዘራው በማሳው ላይ ደረቀ። ቂሳርያ ከባሕር የራቀች ከተማ ነበረች። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች እህል ቢያልቅባቸው በመርከብ ያስመጣሉ፤ ለዚህች ከተማ ግን በየብስ እህል ማጓጓዝ እጅግ ከባድና ውድ ስለ ነበረ፥ የዋጋው መወደድ ከሌላ አገር እህል ሊስብላት አልቻለም። እህሉ የነበረው እዚያው በባለጸጎቹ ጎተራ ውስጥ ነው፤ እነርሱም ዋጋው ከዚህ የበለጠ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ባለጎተሮቹ ራሳቸውን ሌቦች ናቸው ብለው አላሰቡም፤ የራሳቸውን ሀብት ይዘው መቆየታቸው ማንንም እንደማይበድል ይከራከሩ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሰፋው የካፒታሊዝም አስተሳሰብም ሻጭ ገበያው የሚሸከመውን ከፍተኛ ዋጋ መጠበቁን ብልኀት እንጂ በደል አይለውም። ቅዱስ ባስልዮስ ግን ስለ ሰነፉ ባለጸጋ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ምሳሌ መሠረት አድርጎ ሲሰብክ፥ ሀብት ለአንዱ የተሰጠው ለብዙዎች እንዲመግበው መሆኑን፥ ባለጸጋም ጌታ ሳይሆን መጋቢ መሆኑን አስረዳ። የተራበው የሚያስፈልገውን እንጀራ ቈልፎ መያዝ የሌላውን ገንዘብ መያዝ ነው ብሎ አስተማረ። ረኃብተኛው አባት ልጆቹን ለመመገብ ከልጆቹ አንዱን ለመሸጥ ሲገደድና የትኛውን እንደሚሸጥ ሲያመነታ ያለውን ጭንቀት በሰሚዎቹ ፊት ሥሎ አሳየ፤ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ዋጋ የሚከራከረው ነጋዴ ምን ዓይነት ልብ እንዳለው እንዲመረምሩ ጠየቃቸው።

ይህን ሁሉ የተናገረው ግን እጁን አጣምሮ አልነበረም። ከእናቱ ያገኘውን ርስት ሸጦ እህል ገዛ። በስብከቱ ልባቸው የተነካ ባለጸጎች ጎተራቸውን በከፈቱ ጊዜ፥ የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ በታላላቅ ድስት ጥራጥሬና በጨው የተያዘ ሥጋ አስቀቅሎ፥ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ እርሱም ወገቡን ታጥቆ በገዛ እጁ አበላቸው። ከሚመገቡት መካከል የአይሁድም ልጆች ነበሩ። ማንንም በኃይል አልዘረፈም፥ ሕዝቡንም በባለጸጎች ላይ አላስነሣም፤ ሕሊናቸውን ከፈተ፥ ከሕሊናቸውም በኋላ ጎተራቸው ተከፈተ።

ስለ አራጣም ያስተማረው ከዚህ ጋር አንድ ነው። በሮማውያን ሕግ የተለመደው ወለድ በወር ከመቶ 1፥ በዓመት ከመቶ 12 ነበረ። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. በ17ኛው ቀኖና ካህናት አራጣ እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር፤ ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ትምህርቱን ለምእመናን ሁሉ አሰፋው። የተቸገረ ሰው ረዳት ፈልጎ ሲመጣ በወለድ ሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ፥ አበዳሪው ከሌላው እንባ መከር ይሰበስባል ማለት ነው። ለተበዳሪውም ምክር አልነፈገውም፤ በእጁ ሠርቶ፥ ያለውን ዕቃ ሸጦ፥ ፍላጎቱን ቀንሶ ነጻ ሆኖ እንዲኖር እንጂ ከዐቅሙ በላይ ለመታየት ሲል እንዳይበደር መከረው። ልከኝነት ለባለጸጋው ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በ370 ዓ.ም. የቂሳርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ እንደ ራሱ ሃይማኖት ሊያደርገው በፈለገ ጊዜ፥ ሹሙ ሞዴስጦስ ንብረት በመውረስ፥ በግዞት፥ በሥቃይና በሞት አስፈራራው። ባስልዮስ ግን ከጥቂት መጻሕፍትና ከአሮጌ ልብሱ በቀር የሚወረስ ነገር እንደሌለው አስረዳው፤ ሹሙም እንዲህ ያለ ንግግር ከቶ ሰምቶ አለማወቁን ተናገረ። ብዙ ያልያዘ ሰው ብዙ የሚፈራው የለውም። በቃኝ የሚል ልብ ሃይማኖትንም እንደሚጠብቅ ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ ከቂሳርያ ውጭ ባስልያድ ተብሎ በስሙ የተጠራውን ታላቅ የምጽዋት ሰፈር ሠራ። በዚያ የእንግዶች ማደሪያ፥ የሕሙማን ማከሚያ፥ ለድኾች መጠጊያ ነበረ፤ ሐኪሞች፥ አስታማሚዎችና የጭነት ከብቶች ተመደቡለት፥ የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶችም ነበሩት። ከሰው ተለይተው ይንከራተቱ የነበሩት ለምጻሞች በዚያ ተሰበሰቡ፤ ጳጳሱም ሳይጸየፍ ይስማቸው ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ይህን ሰፈር አዲስ ከተማ ብሎ ጠርቶታል። በጎተራ ተዘግቶ የቆየ ሀብት ለማንም ሳይጠቅም ይበሰብሳል፤ በዚህ ሰፈር ግን ያው ሀብት አልጋ፥ መድኃኒትና የዕለት ሥራ ሆነ።

ለካህናትም የተለየ ምሕረት አላደረገም። በሥሩ ያሉ አንዳንድ የገጠር ጳጳሳት ለሹመት ገንዘብ መቀበላቸውን በሰማ ጊዜ፥ ይህን ያደረገ ከመሠዊያው እንደሚለይ በደብዳቤ አስጠነቀቃቸው። ባለጸጋውን ስለ ጎተራው የሚገሥጽ ካህን አስቀድሞ የራሱን ከረጢት መመርመር አለበትና።

ቅዱስ ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፥ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው በሕመምና በድካም ብዛት ዐረፈ። በቀብሩም ላይ ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድና አረማውያንም አለቀሱለት።

የዚህ አባት ትምህርት ለመንግሥታት የተጻፈ የኢኮኖሚ ሕግ አይደለም፤ የዋጋ ተመን ወይም የግብር ሠንጠረዥ አልተወልንም። የተወልን መለኪያ ነው። ትርፍን ብቻ የሚመለከት አስተሳሰብ ምን ያህል ማግኘት ይቻላል? ብሎ ይጀምራል፤ እርሱ ግን ምን ያህል ይበቃል? ብሎ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚወጣው ጎተራ አፍርሶ ሌላ ጎተራ መሥራት ነው፤ ከሁለተኛው የሚወጣው ግን ማዕድ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሚዛኑን ሲያነሣ፥ ባለርስቱ ጎተራውን ሲከፍት፥ ካህኑም በቅዱስ ባስልዮስ ቅዳሴ ሥጋወደሙን ሲያቀብል፥ ቅዳሴው የተጠራበት አባት በረኃብ ዘመን ድስት አጠገብ ታጥቆ መቆሙን ያስብ። ሥጋወደሙን በአንድነት ተቀብለን እንጀራውን ለየብቻችን የምንቈልፍ እንዳንሆን እግዚአብሔር ይርዳን፤ የቅዱስ ባስልዮስም ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።