መጽሐፍ ጠራዡ ልጅና ሰባቱ ሳንቲሞች

የታዋቂ ሰዎች ሕይወት አምዳችን ዛሬ ማይክል ፋራዴይን ይዞላችሁ ቀርቧል። እሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአልጋ ሥር የምናስቀምጣት አንዲት ካርቶን አለችን። በውስጧ የተበላሸ ራዲዮ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖልና የሽቦ ቁርጥራጭ አለ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ካርቶኗ የምትወጣው እራት ተበልቶ ጠረጴዛው ከተጠረገ በኋላ ብቻ ነው። እናታችን አንዳንዴ ቆሻሻ ናት ብላ ልትጥላት ትነሳለች። ታዲያ በሳይንስ ትምህርት ስሙ የሚጠራው ፋራዴይም እንዲህ ባለ ጥበት ውስጥ እንደጀመረ ሳነብ ለእናንተም መንገር አማረኝ።

ማይክል ፋራዴይ የተወለደው በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ነው። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ከለንደን ከተማ በስተደቡብ ኒዊንግተን ይባላል። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፣ እናቱ ማርጋሬት ይባላሉ። ከአራት ልጆች ሦስተኛው እሱ ነው። አባትየው ሕመምተኛ ስለነበሩ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን መሥራት አይችሉም። ቤተሰቡ ከፈረስ ጋሪ ማቆሚያ በላይ ባሉ ክፍሎች ይኖር ነበር። በ1801 የእህል ዋጋ በጣም ሲወደድ ለማይክል በሳምንት አንድ ዳቦ ይሰጠው ነበር። በሳምንት አንድ! ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርትም ቢሆን ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሂሳብ ከመማር አላለፈም።

በ1804 አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አቶ ጆርጅ ሪቦ በሚባሉ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሱቁ ብላንድፎርድ በሚባል ጎዳና ላይ ነበር። ሥራው ጋዜጣ በየቤቱ ማድረስ፣ ሰዎቹ አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ መልሶ መሰብሰብ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አቶ ሪቦ ጥረዛ ሊያስተምሩት ለሰባት ዓመት ለማጅ አድርገው ያዙት። በዚያ ዘመን ሙያ የሚማር ልጅ ለጌታው ገንዘብ መክፈል ነበረበት፤ እሳቸው ግን ምንም አልጠየቁትም። ልጁም እዚያው ከእሳቸው ዘንድ መኖር ጀመረ።

መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ምን እንዳለ አስቡት። ወረቀት፣ ክር፣ ሙጫ፣ ቆዳ፣ መቁረጫ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፍ! ለጥረዛ የሚመጣውን መጽሐፍ ማይክል ዝም ብሎ አይሰፋውም፣ ያነበዋል። አንድ ቀን የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ለጥረዛ መጣና ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ክፍል አገኘ። ጄን ማርሴት የተባሉ ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፉትን መጽሐፍም አነበበ። ሌላው ልጅ አንብቦ ደስ ብሎት ይተወው ይሆናል። ማይክል ግን መጽሐፉ የሚለው እውነት መሆኑን በእጁ ሠርቶ ካላየ አያምንም ነበር።

ችግሩ በምንና የት ይሠራዋል? ገንዘቡ በሳምንት የሚተርፉት ጥቂት ሳንቲሞች ናቸው። ጊዜው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ብቻ ነው። ቤቱም የእሱ ሳይሆን የጌታው ነው። እዚህ ላይ አቶ ሪቦን ሳላመሰግን ባልፍ ደስ አይለኝም። ሠራተኛዬ ሌላ ነገር እየነካካ ነው ብለው አልተቆጡም፤ ሥራውን እስከሠራ ድረስ ትርፍ ጊዜውን ለሙከራው እንዲያውለው ፈቀዱለት።

መጀመሪያ የሠራት መሣሪያ በሰበቃ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ ማሽን ነች። ለዚህ የሚሸጠው የመስታወት ሲሊንደር ለእሱ ውድ ስለሆነበት በተራ ብልቃጥ ጀመረ። ብርጭቆ ሲሽከረከርና ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይከማችበታል፤ እኛ ደረቅ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ አበጥረን የወረቀት ቁራጭ እንደምናስነሳው ማለት ነው። በብልቃጥ መሥራቱን ካየ በኋላ ሳንቲም አጠራቅሞ እውነተኛውን ሲሊንደር አስገባ።

በ1810 አባቱ ሞቱ። በዚያው ዓመት አቶ ታተም የሚባሉ ሰው ማታ ማታ በቤታቸው ስለ ሳይንስ እንደሚያስተምሩ ሰማ። መግቢያው ለአንድ ቀን አንድ ሽልንግ ነው። ማይክል ሽልንግ ከየት ያመጣል? እንደ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ከፈለለት። ማይክልም የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ እየጻፈ መሣሪያዎቹን ይስላል። ሥዕል ያስተማረው እዚያው አቶ ሪቦ ቤት የተከራየ አንድ ሠዓሊ ነው፤ ማይክል በምላሹ ክፍሉን ያጸዳለታል፣ ጫማውንም ይቀባለታል።

አሁን ወደ ሰባቱ ሳንቲሞች ልምጣ። ከዚህ ሰው ታሪክ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ሁለት ዓይነት ብረት እየደራረበ ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ አሳውቆ ነበር። ማይክል ይህን ራሱ ሊሠራው ፈለገ። ጊዜው ጁላይ 1812 ነው፤ የልምምዱ ሰባት ዓመት ሊያልቅ ሦስት ወር ያህል ቀርቶታል። ስስ የዚንክ ቆርቆሮ ገዛና በግማሽ ፔኒ ሳንቲም መጠን ሰባት ክብ አድርጎ ቆረጠው። ግማሽ ፔኒ በዚያን ጊዜ ከመዳብ የሚሠራ ሳንቲም ነበር፤ ስለዚህ መዳብ ፍለጋ ሌላ ወጪ የለም፣ ኪሱ ውስጥ አለ። በእያንዳንዱ ዚንክ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጠ። በየጥንዶቹ መካከል ደግሞ በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት አስገባ። ወረቀት እንኳ በጥረዛ ቤት አይቸግርም!

በቃ፣ ባትሪው ይኸው ነው። ተደርድሮ ሲያልቅ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነገር ነው፤ ከጠረጴዛ ላይ የሚወስደው ቦታ ከሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። ከላይና ከታች ሽቦ አያይዞ ጫፎቹን ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ወዲያው ሽቦዎቹ በትናንሽ አረፋ ተሸፈኑ። ከአንደኛው ሽቦ አረፋው ሳያቋርጥ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ጥርት ያለው ውሃ ደፈረሰ። ኤሌክትሪኩ በውሃው ውስጥ የሟሟውን እየለያየው ነበር። ለጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ ደስታው ልክ እንዳልነበረው ያሳያል፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ነው የሚመስለው፤ ዕድሜው ግን ሃያ ነበር።

(ያለቀውን ባትሪ ድንጋያችንን አስታወሳችሁ? በብዙዎቹ ርካሽ ባትሪ ድንጋዮች የውስጡ ቆርቆሮ ዚንክ ነው። በነገራችን ላይ የሳይንስ መምህራችን ደጋግመው እንደሚነግሩን፣ እንዲህ ያለ ሙከራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የግድግዳ ሶኬት ጋ አትድረሱ።)

በዚያው ዓመት፣ ከፀደይ በፊት ጀምሮ፣ ሌላ ዕድል ገጥሞት ነበር። የአቶ ሪቦ ደንበኛ የሆኑ ሰው በሮያል ኢንስቲትዩሽን የታወቁት ሳይንቲስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጡትን ትምህርት እንዲከታተል ትኬት ሰጡት። አራት ቀን ሄደ። የሰማውን ጽፎ፣ ሥዕሉን ስሎ፣ በመጨረሻ በሙያው አሳምሮ ጠረዘው።

ከዚያ ግን ክፉ ጊዜ መጣ። በኦክቶበር 1812 ልምምዱ አለቀና አቶ ደ ላ ሮሽ በሚባሉ ሌላ ጠራዥ ዘንድ ተቀጠረ። እኚህ ሰው ቁጡ ነበሩ። ለሙከራ ጊዜ ጠፋ፣ ቦታም ጠፋ። አስቡት፤ ያቺ ትንሽ ማዕዘን ከሌለች ያ ሁሉ የለም። ሳይንስ የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። በዲሴምበር ወር ደግሞ የጠረዘውን መጽሐፍ ለሰር ሃምፍሪ ዴቪ ላከላቸው። እሳቸው ጠርተው አነጋገሩት፤ ክፍት ቦታ ስላልነበረ ግን ጥረዛውን እንዳይተው መከሩት።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ ሊተኛ ልብሱን ሲያወልቅ በራቸው ላይ የሚያምር ሠረገላ ቆመ። አሽከሩ የሰር ሃምፍሪን ደብዳቤ ይዞ ነበር። የሳቸው ረዳት ተጣልቶ ከሥራ ተባርሯል፤ ቦታውን ይፈልጋል ወይ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቁጡው ጌታው ልጅ አልነበራቸውም፤ አብሯቸው ከቆየ ሲሞቱ ሱቁንም ንብረቱንም እንደሚያወርሱት ቃል ገብተውለት ነበር። እናቱ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሱቅ ማለት የዕድሜ ልክ እንጀራ ነው። እሱ ግን ሄደ። ማርች 1 ቀን 1813 በሳምንት 25 ሽልንግ፣ ከላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማ ተጨምሮለት ሥራ ጀመረ። ዕቃ ማጠብም የሥራው ክፍል ነበር።

ከዚህ በኋላ ትልቅ ሰው ስለሆነ አንቱ ልንለው ይገባ ነበር፤ በልጅነቱ ስላወቅነው ግን እሱ እያልን እንቀጥል።

በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ። ሁለቱም በዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ኖሩ፤ ላብራቶሪው ደግሞ ምድር ቤት ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፣ ሜርኩሪ በተሞላ ዕቃ መካከል ማግኔት አቁሞ ከላይ ሽቦ አንጠለጠለ። ኤሌክትሪክ ሲለቀው ሽቦው ማግኔቱን ይዞረው ጀመር፤ ከኤሌክትሪክ የሚገኝ ተከታታይ ዙረት ያን ቀን ታየ። ዛሬ የቤታችን ቬንትሌተርና የወፍጮው ሞተር የሚዞሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በገና ቀን ደግሞ ሽቦው በመሬት ማግኔትነት ብቻ ሲንቀሳቀስ ሣራን ጠርቶ አሳያት።

በ1827 ስለ ላብራቶሪ ሥራ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። የሥራ ክፍሉ እንዴት እንደሚደራጅ፣ እንዴት እንደሚመዘን፣ የብርጭቆ ቱቦ እንዴት እንደሚታጠፍ ያስረዳል። በብልቃጥ የጀመረ ሰው ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል?

ትልቁ ሥራው በኦገስት 29 ቀን 1831 መጣ። ስፋቱ ስድስት ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ቀለበት አሠራ። በአንደኛው ጎኑ የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ፣ በሌላኛውም እንዲሁ። እንደ ዛሬው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ አልነበረም፤ ጥምጥሞቹ እንዳይነካኩ በሲባጎና በአቡጀዲ ለያያቸው። ሲባጎና ጨርቅ! ጥረዛ ቤት ያሳለፈው ሰባት ዓመት እጁ ላይ ነበር እላለሁ እኔ። አንዱን ጥምጥም ከባትሪ ሲያገናኘው ከሌላው ጋር የተያያዘችው የኮምፓስ መርፌ ዘለለችና ቆመች። ሲያላቅቀው ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዘለለች። በሰፈራችን ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር የዚያ ቀለበት ልጅ ነው። በኦክቶበር ደግሞ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አየ፤ ጄነሬተር የሚሠራው በዚህ ነው።

ፋራዴይ በሂሳብ ደካማ ነበር። (ይህን ሳነብ እኔም ትንሽ ተጽናናሁ፤ የሂሳብ መምህሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።) ያየውን ወደ ሂሳብ የለወጠው ኋላ የመጣው ማክስዌል ነው። ልጆችን ግን ያስተምር ነበር። በገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጠውን ትምህርት 19 ጊዜ እሱ ሰጥቷል፤ ከነዚያ አንዱ ስለ አንዲት ተራ ሻማ ነው።

በኦገስት 25 ቀን 1867 በ75 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ለንደን ውስጥ ሃይጌት በሚባል መካነ መቃብር ነው። ብላንድፎርድ ጎዳና ላይ ባለው የአቶ ሪቦ ሱቅ ሕንፃ ላይ በ1876 ክብ ሰሌዳ ተለጠፈለት፤ በዚያ ቤት ለማጅ እንደነበረ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ይናገራል።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል