ጆርጅ ስትራይሲንገርና ትንሿ ዓሣ

ብዙዎቻችን የዓሣ ገንዳ አይተናል። ከጣት የማትረዝም፣ በጎኗ ሰማያዊ መስመሮች ያሉባት ዓሣ ከውስጡ ካለች ዜብራፊሽ ትባላለች። የትውልድ አገሯ የሕንድና የባንግላዴሽ ወንዞች ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የአእምሮ በሽታ የሚመረመርባት እንድትሆን መንገዱን የጠረገው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው።

ጆርጅ በ1927 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ናዚዎችን ሸሽተው ኒውዮርክ ገቡ። በማያውቁት ቋንቋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ታላላቆቻችን ያውቁታል። እሱ ተምሮ ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ስሙን አስጠራ፤ በ1960 ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

እዚያ ሥራውን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ጂኖች አእምሮን እንዴት ይሠራሉ? ቫይረስ አእምሮ የለውም። የዝንብ አከርካሪ የለም። የአይጥ ጽንስ ደግሞ ማህፀን ውስጥ ተደብቋል። ዜብራፊሽ ግን እንቁላሏን ውጭ ትጥላለች፣ በመቶ የሚቆጠር፤ ጽንሱም እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። በአንድ ቀን ገደማ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ችግሩ የተበላሸ ጂን ከጤነኛው ጋር ተጣምሮ ስለሚደበቅ ለማየት ትውልዶች መጠበቅ ግድ መሆኑ ነበር። ስለዚህ የወንዱን ዘር በአልትራቫዮሌት ብርሃን አመከነው፦ እንቁላሉን ይቀሰቅሳል እንጂ ውርስ አይጨምርም። ከዚያ በሙቀት ወይም በግፊት የእናትየውን ውርስ እጥፍ አደረገው። አባት የሌላት ዓሣ ማለት ነው! የተደበቀው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። ለዚህ አሥር ዓመት ያህል ለፍቶ ውጤቱን በ1981 አሳተመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተስፋ አለመቁረጡ እኛን ይበልጥ ይገርመናል። (በነገራችን ላይ ፍየልም ያረባ ነበር፤ በፍየል ውድድር ላይ ዳኛ እስከመሆን ደርሷል።)

በ1984 ባሕር ውስጥ ጠልቆ ሲዋኝ ሞተ። 56 ዓመቱ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ዓሣዎቹን አልተዉም፤ በጀርመንና በአሜሪካ የተደረጉና በ1996 የታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ብዙ ሺህ የተለወጡ ዓሣዎችን አወጡ። ኋላ ላይ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዓሣዋ አቻ እንዳላቸው ታወቀ።

ይህ ከእኛ ቤት ምን አገናኘው? በሰፈራችን የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ የሚደብቁ ወላጆች አሁንም አሉ። ድራቬ የሚባለው ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጂን ጉድለት ይመጣል። ያ ጂን የተበላሸባቸው የዓሣ ጫጩቶች ሲያንዘፈዝፋቸው በክብ እየተሽከረከሩ ይዋኛሉ። በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ውኃው ውስጥ እየጨመሩ ሞክረው፣ አንድ የድሮ የአለርጂ መድኃኒት ሲያረጋጋቸው አዩ። ዓሣ ሰው አይደለም፣ በዓሣ የሠራ በሰው ላይሠራ ይችላል። ግን ፍለጋው ከዚያ ይጀመራል።

የጆርጅ ዓሣዎች ዘር ዛሬም ከዩጂን ከተማ ማዕከል ለዓለም ቤተ ሙከራዎች ይላካል። እኛም አገር፣ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ፣ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ገንዳ ውስጥ ዜብራፊሽ አለች።